አባዬ የጠየቀኝ ስለ ሀዲዱ ነው

ቬትናም እሄዳለሁ ስል ቤት ውስጥ ያልጮኸ ሰው የለም፣ ብቻሽን? በሳይክል? በዐቢይ ጾም? አባዬ ግን ዝም ብሎ ሰምቶኝ ሲያበቃ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀኝ፣ "ሀዲዳቸው ስፋቱ ስንት ነው?" አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ነው የሰራው፣ እኔም ከዚራ ነው ያደግኩት፣ ስለዚ ጥያቄው አልገረመኝም። መልሱን ግን አላውቀውም ነበር።

አንድ ሜትር ነው። ልክ እንደ ድሮው የኛ! ያሰሩትም ያው ፈረንሳዮቹ ናቸው፣ ከሀኖይ እስከ ሳይጎን 1,726 ኪሎሜትር፣ ያለቀው በፈረንጆቹ 1936 ነው፣ የኛው አዲስ አበባ ከገባ ከ19 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በጦርነቱ ተቆራርጦ ቀርቶ ነበር፣ አገሪቱ አንድ ስትሆን ጠጋግነው በ1976 መጨረሻ ላይ እንደገና ከጫፍ ጫፍ መሄድ ጀመረ፣ ለዛም ነው እስከዛሬ የአንድነት ባቡር የሚሉት። ጣቢያውን ደሞ ምን ቢሉት ጥሩ ነው፣ "ጋ"። ሀኖይ ላይ የታክሲው ሹፌር "ጋ? ጋ?" ሲለኝ መጀመሪያ አልገባኝም፣ በኋላ ነው ብልጭ ያለልኝ፣ የፈረንሳይኛው "ጋር" ነው፣ እኛ ለገሃር የምንለው! እዛው ታክሲ ውስጥ ሆኜ ለአባዬ ደወልኩለት፣ በጣም ሳቀ።

ሀሳቤ ቀላል ነበር። ሀኖይ ላይ ያገለገለ ሳይክል ገዝቼ፣ እስከ ሁዌ በባቡር፣ ከሁዌ እስከ ኩዊ ኞን ባህሩን ይዤ በሳይክል፣ ከዛ በባቡር መመለስ። ሳይክል እንደ ሻንጣ ይዛችሁ መግባት አትችሉም፣ ጣቢያው አጠገብ ዕቃ መላኪያ ቢሮ አለ፣ እዛ ይመዘናል፣ በፕላስቲክ ይጠቀለላል፣ ደረሰኝ ይሰጣችኋል፣ ብዙ ጊዜ በሌላ ባቡር ነው የሚመጣው። እኔ ሌሊቱን ተጉዤ ጠዋት ሁዌ ስደርስ (688 ኪሎሜትር ነው፣ 13 ሰዓት ገደማ) ሳይክሌ ገና መንገድ ላይ ነበር። እና አንድ ቀን ትርፍ ያዙ።

የጾሙ ነገር ነበር ያሳሰበኝ። እዛ አገር የዓሳ መረቅ የማይገባበት ምግብ የለም፣ ሾርባው ውስጥ አለ፣ ማጥቀሻው እሱ ነው፣ ጎመን እንኳን ሲጠብሱ ጠብ ያደርጉበታል፣ እኔ ደሞ በጾም ዓሳ አልበላም። ሁዌ ያረፍኩበት ቤት እናትየዋ በስልክ ማስተርጎሚያ ነገሩን ካስረዳኋቸው በኋላ ፊታቸው በራ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "አን ቻይ!" አሉኝ። ቻይ የጾም ምግብ ማለት ነው። ቡድሂስቶቹ ብዙዎቹ በጨረቃ አቆጣጠር ወር በገባ በ1ኛውና በ15ኛው ቀን ከስጋ ይታቀባሉ፣ እናትየዋም እንደዛ ናቸው፣ እና ቻይ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው አይገኝም። ቃሏን ስሰማ ደንግጬ ነው የቀረሁት፣ ለኛ ቻይ የሚባለው ታጋሹ፣ ችሎ የሚያልፈው ሰው አይደል? ከጾመኛ የበለጠ ማን ቻይ አለ። ማታ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሰራ እንደ አይብ ያለ ነገር) በጠጅ ሳር ጠብሰው፣ እንጉዳይና የሙዝ አበባ ጨምረው አቀረቡልኝ፣ ጠጅ ሳሩ ሲሸተኝ የቤታችን ግቢ ትዝ አለኝ። ከዛ በኋላ በየከተማው "ቻይ" የሚል ሰሌዳ እየፈለግኩ አንድም ቀን ጦሜን አላደርኩም።

ከሁዌ በዋናው መንገድ አትውጡ። በሐይቁና በባህሩ መሃል ባለችው ቀጭን መሬት ሂዱ፣ በአንድ በኩል ቀርከሃ የተተከለበት የዓሳ አጥር፣ በሌላ በኩል አሸዋና ባህር፣ መኪና የለም ማለት ይቻላል። ላንግ ኮ አደርኩ። በነጋታው የሀይ ቫን ተራራ መተላለፊያ።

ሀይ ቫን ስሙ ራሱ ባህርና ደመና ነው። ከፍታው 496 ሜትር ነው፣ ለሐረርጌ ሰው ምንም አይደለም ልትሉ ትችላላችሁ፣ ግን የምትነሱት ከዜሮ ነው፣ ከባህሩ ጠርዝ፣ ሙቀቱ ደሞ እንደ እርጥብ ፎጣ ነው የሚጠመጠምባችሁ። ደግነቱ በፈረንጆቹ 2005 ከ6 ኪሎሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ ከተራራው ስር ከፈቱ፣ ሳይክል አያስገባም፣ መኪናው ሁሉ ግን ወደሱ ስለሄደ ከላይ ያለው አሮጌው መንገድ ለሞተርና ለኛ ቀረ፣ ከነዳጅ ቦቴዎች በስተቀር። በአነስተኛው ማርሽ ኩርባ በኩርባ እየወጣሁ፣ ግማሽ ላይ ደመናው ዋጠኝ፣ ከፊቴ 20 ሜትር አይታይም፣ በዛ መሃል ከታች፣ ከእግሬ ስር፣ የባቡር ጥሩምባ ሰማሁ። ሀዲዱ ዋሻውን አይጠቀምም፣ ተራራውን በባህሩ በኩል ገደሉን ታኮ ነው የሚዞረው። ቆምኩ። ምንም አላየሁም፣ ድምፁን ብቻ ነው፣ ፍሬን ይዤ እስኪያልቅ ድረስ ቆሜ አዳመጥኩት። ጫፉ ላይ የንጉሦቹ ዘመን በር አለ፣ አጠገቡ የፈረንሳይ ምሽግ፣ እና ይሄን ማመን ያቅታል፣ በሩን አልፌ 200 ሜትር ስወርድ ደመናው የለም! ዳ ናንግ ከታች በፀሐይ ታበራለች። ተራራው የአየር ጠባይ ድንበር ነው የሚሉት እውነት ነው።

ሆይ አን ቆንጆ ነው ግን ሰው በዝቶበታል፣ አንድ ሌሊት በቃኝ።

ኳንግ ንጋይን አልፌ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ብዙም ሳልገፋ አሮጌ ጎማ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለበት ቤት አየሁ፣ ጎሚስታ ነዋ፣ ምልክቱ ያው የኛው ነው። ሽማግሌው ሳይክሉን ሳያጋድሙ ካላማዳሪውን በጣታቸው ስበው አወጡ፣ ነፍተው ሳህን ውሃ ውስጥ ነከሩት፣ አረፋው ቡልቅ ያለበትን በጥፍራቸው ምልክት አደረጉ፣ ፈገፈጉ፣ ማስቲሽ ቀቡ፣ እፍ እፍ ብለው አደረቁ፣ ከዛ ለጠፉ። እየሰሩ ወደኔ አንድ ጣት አውጥተው "ሞት ሚን?" አሉኝ። ብቻሽን ነሽ ወይ ማለት ነው፣ ሞት አንድ ነው በነሱ። መንገዱን ሙሉ የተጠየቅኩት ይሄንኑ ነው፣ አዎ ስል ሁሌ የሆነ ነገር ይጨመርልኛል፣ ሙዝ፣ ውሃ፣ ወይ ሀሞክ (በገመድ የተንጠለጠለ መኝታ) ላይ ተኝቼ እንድነሳ ምልክት። እሳቸው ደሞ ሳልጠይቃቸው ሰንሰለቱን ዘይት ቀቡልኝ።

ሳ ሁዊን ላይ የጨው ማሳ አለ፣ ነጭ ክምሩ ከመንገዱ ይታያል። ኩዊ ኞን ስገባ እግሬ ደንዝዞ ነበር፣ ባህሩ ዳር ክብ የሆነችው የቅርጫት ጀልባቸው ጥላ ስር ቁጭ አልኩ፣ ወተት የሌለው ጥቁር ቡና በበረዶ አዘዝኩ (ቡናቸው አብዛኛው ሮቡስታ ነው፣ መራራና ወፍራም፣ ከኛ ጋር አላወዳድረውም፣ ግን በዛ ሙቀት ላይ ጥሩ ነው)። የኔ ዙር 400 ኪሎሜትር አካባቢ ሆነ።

ለምትሄዱ፦ ከኦገስት 2023 ጀምሮ ለሁሉም አገር ፓስፖርት የ90 ቀን ኢ-ቪዛ አለ፣ ኦንላይን ነው የሚሞላው። ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር መሃሉ አገር ዝናብና ጎርፍ ነው፣ ተዉት። ከሰሜን ወደ ደቡብ ንዱ፣ ያኔ ባህሩ በግራችሁ ስለሚሆን ዳር ላይ ቁጭ ለማለት ሁሌ መንገድ ማቋረጥ አለባችሁ፣ ለነፋሱ ሲባል ግን ይቻላል።

መመለሻ ላይ ዳ ናንግ ስንደርስ ጣቢያው መጨረሻው ዝግ ስለሆነ ሎኮሞቲቩ ተፈቶ በሌላው ጫፍ ይገጠማል፣ ወደፊት ስትሄዱ የነበራችሁት ወደኋላ ትሆናላችሁ። ከዛ ሀይ ቫን። በቀኝ በኩል ካለው መስኮት ባህሩን አየሁ፣ ጥግ ጥጉን ቀና ስል መንገዴን፣ እዛ ላይ ደመና ውስጥ ቆሜ የሰማሁት ይሄን ነበር። በሁለቱ ፉርጎ መሃል ያለው በር ጋ ሄጄ የሀዲዱን ድምፅ ቀድቼ ለአባዬ ላክሁለት። ወዲያው ነው ቮይስ የመለሰልኝ፣ "እስኪ ድጋሚ ላኪልኝ፣ ስልኩን ወደ ወለሉ ጠጋ አድርጊው፣ ነፋሱ ነው የሚሰማኝ" ይላል። ተንበርክኬ ስልኩን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት።