የሜሪላንዱ ጉዳይና ማንም የማያነበው ወረቀት

ዛሬ ኮዬ ፈጬ ቡና ላይ ከአሜሪካዋ ሜሪላንድ ወደ ኤል ሳልቫዶር የተባረረው ሰውዬ፣ የኪልማር አብሬጎ ጋርሲያ ጉዳይ ተነሳ። ግማሹ «ወንበዴ ነው»፣ ግማሹ «ምስኪን አባወራ»። ቴሌቪዥኑም ከዚህ አያልፍም። ቁም ነገሩ ግን ወረቀቱ ላይ ነው።

የኢሚግሬሽን ዳኛው በ2019 (እ.ኤ.አ.) የሰጡት ጥገኝነት አይደለም፤ ወደ ኤል ሳልቫዶር እንዳይላክ ብቻ የሚከለክል ትእዛዝ ነው። ይሄ ግሪን ካርድ አያስገኝም፣ ቤተሰብ አያስመጣም፣ ወደ ሦስተኛ አገር መላክንም በራሱ አያግድም። መንግሥት ማርች 15 ቀን 2025 የላከው ግን እዚያው ወደተከለከለው አገር! የመንግሥት ጠበቆችም ስሕተት መሆኑን ፍርድ ቤት ውስጥ አመኑ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኤፕሪል 10 መመለሱን አመቻቹ አለ፤ ጁን ላይ ተመለሰ፣ ያውም የወንጀል ክስ ተመሥርቶበት። ወንበዴ ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው።

አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ፣ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ካለው ኮፒውን፣ እንዲሁም በ«ኤ» የሚጀምረውን ባለ 9 አሃዝ የኢሚግሬሽን መለያ ቁጥሩን አስቀድማችሁ ተቀበሉ (8 ብቻ ከሆነ ፊቱ ላይ 0 ይጨመራል)። በኢሚግሬሽን የታሰረ ሰው ኦንላይን የሚፈለገው በዚያ ቁጥርና በትውልድ አገሩ ነው። በስም መፈለግም ይቻላል፤ ግን የኛ ስም በእንግሊዝኛ ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ፣ አንድ ፊደል ከተለየ አይገኝም።