አንበሶ እንቁላል ጣለች

ልጄ ስትለምነኝ ከርማ ቢርድድ ድራገን የሚባለውን የአውስትራሊያ እንሽላሊት ገዛሁላት። ሻጩ «ወንድ ነው» ስላለን አንበሶ አልነው። ባለፈው ሚያዝያ አንበሶ መብል ተወ። ሆዱ ተነፋ። ቀኑን ሙሉ የመስታወት ሳጥኑን ጥግ ይቧጥጣል። ድርቀት መሰለኝና ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስገብቼ ሆዱን አሸሁለት። ከሁሉ የባሰው ጥፋቴ ይሄ ነበር።

ከአዲስ አበባ እዚህ ሜሪላንድ ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ አንበሶ ያለበትን ክፍል አትረግጥም። በሩ ላይ ቆማ አየችውና «እንቁላል ልትጥል ነው። ማረፊያ ያጣች ዶሮ እንዲህ ስትሆን አላየሽም?» አለች። ሳቅኩባት። ሦስት ቀንም በከንቱ አለፈ።

የመጀመሪያው ሐኪም ከውሻና ከድመት ሌላ አላይም ብሎ መለሰን። ሁለተኛዋ ራጅ አነሳች። ሆዱ ውስጥ እንቁላል ተጠቅጥቋል። አንበሶ ሴት ነች! ወንድ ባያገኛትም እንደ ፈረንጅ ዶሮ ትጥላለች፤ ጫጩት አይወጣውም እንጂ። «ሆዷን አትንኪ፣ እንቁላሉ ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል» ስትለኝ አፈርኩ።

ሌላው ጥፋት የመስታወት ሳጥኑ ውስጥ የሚበራው አምፖል ነው። እስከበራ ድረስ ደህና ይመስለኝ ነበር። ለካ ብርሃኑ ሳይጠፋ ዩቪቢ የሚባለው፣ ከፀሐይ የሚገኘው ዓይነት የማይታይ ጨረር ቀድሞ ይደክማል። እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት አልቀየርኩትም። ያለ ጨረሩ ሰውነቷ ከምግብ የሚያገኘውን ካልሲየም በደንብ አይወስድም። ካልሲየም ሲያንስ ደግሞ ጡንቻዋ እንቁላሉን የመግፋት አቅም ያጣል።

ካልሲየም በመርፌ ሰጧትና «ሁለት ቀን እንጠብቅ፣ ካልሆነ ቀዶ ጥገና ነው» ተባልኩ። ቤት እንደገባሁ ቆፍራ እንድትጥልበት በትልቅ የፕላስቲክ ሳጥን አሸዋና አፈር ደባለቅኩ፤ ጥልቀቱ 25 ሴንቲሜትር ያህል። እርጥበቱ አስቸገረኝ። ሲበዛ ይጨቀያል፣ ሲያንስ የቆፈረችው ይናዳል። ይሄኔ እናቴ መጥታ እጇን ከተተች። እንደ በሶ ጨብጣው «በቃ፣ ይሄ ይይዛል» አለች።

መጀመሪያ ቀን ንክች አላደረገችውም። ለካ ተሰልፈን እያየናት ነው። ሳጥኑን በነጠላ ጋርደን ወጣን። በማግስቱ አፍንጫዋ አፈር ለብሷል፣ ሆዷ ተጣብቋል። ቆፍሬ 21 እንቁላል አወጣሁ። ልጄ አልቅሳ አልቅሳ እንቁላሉ ተወገደ። የአንበሶን ስም ግን አልቀይርም ብላለች።

አሁን አምፖሉን የገዛሁበትን ቀን በማርከር እጽፍበታለሁ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ጥጉን መቧጠጥ ስትጀምር የአፈሩን ሳጥን በዚያው ቀን አወጣሁ። እናቴ አገሯ ተመልሳ ነበር። ደውላ ከሰላምታ በፊት «ስንት ጣለች?» አለችኝ።

18።