«ዩ ኮምፕሌን ሚ» ያልኩ ቀን

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ውኃ ጠፍቷል። ጄሪካን ተሸክሜ ደረጃ ስወጣ ስወርድ፣ ፋሲል ግቢን ሲዞሩ ውለው አቧራ ለብሰው የመጡ አንድ ሽማግሌ እንግሊዛዊ ሦስት ጊዜ ጠሩኝ። በሦስተኛው ትዕግሥቴ አለቀና «ዩ ኮምፕሌን ሚ!» አልኳቸው። «አማረሩኝ» ማለቴ ነበር። ሰውዬው ግራ ገባቸው፤ ቀጥሎ ሳቁ። ቁጣዬ ሳይደርሳቸው ቀረ፤ እንኳንም ቀረ።

«አባውት» አሉኝ ጣታቸውን አንሥተው። «ኮምፕሌን አባውት።»

የኛ «አማረረ» ከምሬት የወጣ ስለሆነ ወዲህም ወዲያም ይሠራል፤ ሰው ኑሮውን ያማርራል፣ ኑሮም ሰውን ያማርራል። ኮምፕሌን ግን ሰው ላይ አያርፍም። ያስከፋህን ነገር በ«አባውት»፣ የምትነግረውን ሰው በ«ቱ» ነው የምታስገባው። «ሂ ኮምፕሌንድ ቱ ሚ አባውት ዘ ዋተር» ሲባል ስለ ውኃው ለእኔ ስሞታ አቀረቡ ማለት ነው። ማታ መዝገቡን ገልጬ ባየው፣ በገዛ እጄ «ኮምፕሌንድ ዘ ዋተር» እያልኩ ሞልቼዋለሁ። ደግሞ ቅሬታው ራሱ «ኮምፕሌንት» ነው። እኛ ወሬ መሀል «ኮምፕሌን አለኝ» ስለምንል «ት»ን ውጠናታል።

በአማርኛ ሕፃን ይነጫነጫል፣ ሠራተኛ ያጉረመርማል፣ ባለጉዳይ አቤቱታ ያቀርባል። የእንግሊዝኛው «ኮምፕሌን» ግን ብቻውን ሁሉንም ሊሸፍን ይችላል፤ ለእኔ ትንሽ ንፍገት ነው የሚመስለኝ።

በጣም የተናደድኩት ግን ክሊኒክ ውስጥ ነው። ሆዴን አሞኝ ሄጄ ካርዴን አጮልቄ ባይ፣ ስለ ሆዴ የተጻፈው በ«ኮምፕሌንስ ኦፍ» ይጀምራል። «ኧረ እኔ መቼ አማረርኩ? ዝም ብዬ ተራዬን ስጠብቅ ነበር!» አልኳት ነርሷን። እሷም እየሳቀች አስረዳችኝ። ነገሩ ሕመም ሲሆን «ኦፍ» ይገባል፤ ታማሚው የሚሰማውን ተናገረ ማለት ነው እንጂ ነጭናጫ ነው ማለት አይደለም። ካርድ ላይ «ቺፍ ኮምፕሌንት» የሚሉትም ሰው ሐኪም ዘንድ የመጣበትን ዋና ሕመም ነው።

ወደ ሽማግሌው ልመለስ። ሊሄዱ ሻንጣቸውን ሳወርድ ቆይታቸው እንዴት እንደነበር ጠየቅኳቸው። «ካንት ኮምፕሌን» አሉኝ። ማማረር አልችልም? ማን ከለከላቸው? ደንግጬ የአስተያየት ደብተሩን ከነእስክሪብቶው ዘረጋሁላቸው። ለካ «ተመስገን፣ ክፉ አይባልም» እንደማለት ኖሯል። አሁንም ሳቁብኝ፤ እስክሪብቶውን ግን ተቀበሉ። ከሄዱ በኋላ ሳየው አንዲት መስመር ብቻ ናት፤ «አባውት ዘ ዋተር»። «አባውት» ሥር ሁለት ጊዜ አስምረውበታል።