በጽሑፍ ወይስ በቃል? ስለ አካል ጉዳት ድጎማ ይግባኝ

እኔ አራት ኪሎ፣ ታናሽ እህቴ ለንደን ሆነን ሰሞኑን በስልክ የምንመክረው ስለ አንድ ጉዳይ ነው፦ ፒፕ የሚባለውን የአካል ጉዳት ድጎማ ስለ ከለከላት ውሳኔ የምታቀርበው ይግባኝ በሰነድ ብቻ ይታይ ወይስ ቀርባ በቃል ታስረዳ? ውሳኔው እንደገና እንዲታይላት ያቀረበችው ጥያቄ ተቀባይነት ስላላገኘ፣ ምላሹ ከተጻፈበት ቀን አንሥቶ በአንድ ወር ውስጥ ይግባኙን ማቅረብ ይኖርባታል።

የጽሑፉ መንገድ ለታመመ ሰው ዕረፍት ይመስላል። ነገር ግን ሐኪሟ «መራመድ ትችላለች» ብሎ ከጻፈ፣ ከስንት እርምጃ በኋላ ሕመሙ እንደሚያስቆማትና በማግስቱ ከአልጋ መነሣት እንደሚያቅታት የሚጠይቃት የለም። በቃል ችሎት ግን አንድ ዳኛ፣ አንድ ሐኪምና የአካል ጉዳተኞችን ኑሮ በቅርብ የሚያውቅ አንድ አባል ተቀምጠው ይህንኑ ይጠይቃሉ። ስለዚህ እኔ ያለ ማመንታት ቃሉን እመርጣለሁ፤ መጓዝ ቢያቅታት እንኳ ችሎቱ በስልክ ወይም በቪዲዮ እንዲሆንላት መጠየቅ ትችላለች።

እንግሊዝኛዋ ለገበያ ይበቃታል፤ ሕመሟን ለመግለጽ ግን አማርኛ ያስፈልጋታል። አስቀድማ ካሳወቀች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ይመደብላታል። ልጄ ያስተረጉምልኝ ማለቷን አልወደድሁትም፤ እናት ስለ ገላ መታጠብና ስለ መጸዳጃ በልጇ አፍ ስትናገር ዋናውን ነገር በይሉኝታ ትውጠዋለች። ይግባኝ ሰሚው ጉባኤ የሚመዝነው ድጎማውን የከለከላት ውሳኔ በተሰጠበት ቀን የነበረውን ሁኔታ በመሆኑ፣ የዚያን ጊዜ ኑሮዋን የሚያሳዩ ደብዳቤዎችን ከወዲሁ እንድትሰበስብ ነግሬአታለሁ።