ኬሚካሉ ሰርቷል፣ እበቱስ?

አፋር አሚባራ አካባቢ ፕሮሶፒስ ስናጸዳ የገጠመን ነገር ነው። ለማያውቀው፣ በፈረንጆቹ 1970ዎቹና 80ዎቹ በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ የገባ እሾሃም ዛፍ ነው፣ ዛሬ አዋሽ ዳር ያለውን ግጦሽ ውጦታል። ዝም ብለህ ብትቆርጠው ደሞ ከስሩ አቆጥቁጦ በአንድ ግንድ ፋንታ ብዙ ሆኖ ይመጣል።

ስለዚ ወደ መሬት ዝቅ አድርገህ ትቆርጥና እዛው ወዲያው ትራይክሎፒር የሚባል ፀረ-አረም ኬሚካል በናፍጣ በጥብጠህ ጉቶውን ዙሪያውን እስከ አፈሩ ድረስ በብሩሽ ትቀባዋለህ፣ ከቆየ የተቆረጠው ቦታ ይደርቅና መድሃኒቱ በደንብ አይገባም። ድብልቁ ላይ ቀይ ቀለም ጠብ እናደርግበታለን፣ አለበለዚያ ሰራተኛው ይሄ ተቀብቷል አልተቀባም እያለ ሲጨቃጨቅ ነው የሚውለው።

ጉቶው ደረቀ፣ አለቃችን ፎቶ አንስቶ ለሪፖርት ላከ። ከብቶቹ ገና ሳይዘንብ ወደጸዳው መሬት ሲገቡ ያዩ አንድ ሽማግሌ ግን "እነዚህ ወንዝ ዳር ፍሬውን ሲበሉ የከረሙ አይደሉም እንዴ?" አሉት። "አባ፣ ዛፉ እኮ ሞቷል" አላቸው። ምንም አልመለሱም።

ዝናብ ሲመጣ ሳሩ እዚም እዛም ብቅ አለ፣ ግን እበቱ ቀድሞታል! ሽማግሌው አንዱን የደረቀ እበት በዱላቸው ፈንቀል አርገው አሳዩን፣ የፕሮሶፒስ ችግኝ እንደ ጎመን መደብ ተኮልኩሎበታል። ፍሬው ጣፋጭ ነው፣ ከብትም ፍየልም ይወደዋል፣ ዘሩ ግን ሽፋኑ ጠንካራ ስለሆነ ብዙው ሳይፈጭ ያልፍና ከነማዳበሪያው ይወጣል። ጉቶ ላይ የተቀባ ኬሚካል ደሞ ያንን ጉቶ ነው የሚገድለው፣ ነገ በከብት ሆድ የሚመጣውን ዘር ምን አገባው?

ከዛ በኋላ ችግኙ ስሩ ሳይጠልቅ በእጅ ተነቀለ፣ ሳሩ ዘር እስኪጥል መሬቱ ታጠረ፣ ፍሬ ሲበላ የከረመ መንጋም ከመግባቱ በፊት ሳምንት ገደማ ሌላ ቦታ ሳር እየበላ እንዲቆይ ተባለ። የሚገርመው ለኬሚካሉ በጀት ተይዞ ነበር፣ ለአጥርና ለጠባቂ ግን ምንም። ሊትሩን ቆጥሮ ሪፖርት ማድረግ ስለሚቀል ይመስለኛል።

ሽማግሌው አሁን ደሞ ሌላ ጥያቄ አምጥተዋል፣ መሬቱ ታጥሮ እስኪከፈት ከብቱ የት ይዋል? እሱ ላይ ከጎሳ መሪዎቹ ጋር ገና አልተስማማንም።