ካርቡራተሩን ከመፍታታችሁ በፊት

አሮጌ ሞተር ሳይክል አልነሳ ሲል ወይም መንገድ ላይ እየተንተፋተፈ ሲያስቸግር፣ ብዙዎቻችን እጃችንን በቅድሚያ የምንሰድደው ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቅለው ካርቡራተር ነው። እዚህ ሱሉልታ ባለ ፑንቲና (እሳቱ እንዲፈጠር ኤሌክትሪኩን የሚያቆራርጥ መክፈቻና መዝጊያ) ሞተሬን ስጠግን ያረጋገጥሁት ግን በካርቡራተር ከሚሳበበው ብልሽት አብዛኛው የእሳት፣ ማለትም ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው የኤሌክትሪክ ብልጭታ፣ ችግር መሆኑን ነው።

ስለዚህ ምርመራው ብልጭታውን ከሚሰጠው ካንዴላ ይጀምር። ማስነሻውን ደጋግማችሁ ረግጣችሁ እምቢ ካለ፣ ካንዴላውን ንቀሉና ጫፉን ተመልከቱ፤ በቤንዚን ከራሰ ነዳጁ ደርሷል፣ የጎደለው እሳት ሳይሆን አይቀርም፤ ደርቆ ከወጣ ነዳጁ መንገድ ላይ ቀርቷል። ከዚያ ካንዴላውን ከገመዱ ጋር አገናኝታችሁ፣ ከተነቀለበት ቀዳዳና ከቤንዚን አርቃችሁ፣ አካሉን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክታችሁ እርገጡ። ጠንካራ ሰማያዊ ብልጭታ ካልታየ ካርቡራተሩን መንካት ድካም ነው።

የእኔን ሞተር ያስቸገራት ሙቀት ነበር። ጠዋት ያለ ችግር ትነሳና ወደ እንጦጦ የሚወስደውን አቀበት ስትያያዝ ትጠፋለች፤ ስትቀዘቅዝ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ትነሳለች። አመሻሽ ላይ የፑንቲናውን ክዳን ከፍቼ ሞተሩ እየሠራ ሳየው፣ ፑንቲናው በተከፈተ ቁጥር በሁለቱ ከንፈሮች መካከል ደማቅ ሰማያዊ እሳት ይዘላል፤ አንደኛው ከንፈር ተቦርቡሯል፣ ሌላኛው ላይ ትንሽ ጉብታ በቅሏል። ይህ የደከመ ኮንደንሰር ምልክት ነው፤ ፑንቲናው ሲከፈት የሚዘለውን ኤሌክትሪክ ኮንደንሰሩ መያዝ ሲያቅተው ፑንቲናው ይቃጠላል፣ ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርገው ጥቅል ሽቦ፣ ኮይሉም፣ ለካንዴላው የሚልከው እሳት ይሳሳል። ኮንደንሰሩን ለወጥሁ፤ የፑንቲናውን ክፍተት ለብዙዎቹ የጃፓን ሞተሮች በሚመከረው ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር መጠን አስተካከልሁ፤ ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረው ከባድ ክብ ብረት) ላይ ያለው የኤፍ ምልክት ከመስመሩ ጋር ሲገጥም ፑንቲናው መከፈት መጀመሩንም አረጋገጥሁ። አቀበቱ ላይ መጥፋቷ ቀረ። (ተመሳሳይ ምልክት የታንክ ክዳኑ አየር መሳቢያ ሲደፈንም ይታያል፤ ክዳኑን ስትከፍቱ አየር ሲስብ ከሰማችሁና ወዲያው ከተነሳ ጥፋቱ እዚያ ነው።)

እሳቱ ደህና ሆኖ ሞተሩ ያለ ቾክ (ለማስነሻ አየሩን የሚያሳንሰው መዝጊያ) ሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጡት በዝግታ መሥራት) አልይዝ ካለ፣ ያን ጊዜ ካርቡራተሩ ይፈታ። ቆሞ የከረመ ቤንዚን ሙጫ መሰል ዝቃጭ ትቶ ትንሿን ጄት (በዝግታ ሲሠራ ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ ያላት ቡሎን) ይደፍናል። ጄቱ ለስላሳ ናስ ስለሆነ በሽቦ መጎርጎር ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ በማጽጃ ነክሮ በአየር መንፋት ይበቃል።

የእኛ ከፍታም መዘንጋት የለበትም። ከ2500 ሜትር በላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተመጠነ ጄት ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው በደረቅ ጥላሸት ይጠቁራል፣ ማርሚታውም ጥቁር ጭስ ይተፋል። የአየር ማጣሪያው ንጹሕ ከሆነና ጥቁረቱ ከቀጠለ፣ በትልቁ ጄት ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አይታችሁ አንድ ደረጃ አሳንሱ፤ ከዚያም አቀበት ላይ ነድታችሁ ካንዴላውን እንደገና ንቀሉት። ቡና ዓይነት ከሆነ ልኩን አግኝቷል፤ ከነጣ ግን ነዳጁ አንሶ ፒስተኑን ሊያቃጥል ስለሚችል የቀድሞውን ጄት መልሱ።