የመሪ ዘይቱ የት ይገባል?

ባለፈው ቅዳሜ ኮፋኖውን ከፍቼ መሪ ሲዞር የሚያቀልለውን፣ የመሪውን ዘይት መለኪያ አየሁ። ከስድስት ሳምንት በፊት የሞላሁበት መስመር ላይ ነው። ንቅንቅ አላለም። ብቻዬን ሳቅኩ። የአክስቴ ጎረቤት ውሻውን እያንሸራሸረ ነበር፤ ቆም ብሎ አየኝና መንገዱን ቀጠለ። ምን ያውቃል እሱ! እኔ ከሴፕቴምበር ጀምሮ ከዚህ ዘይት ጋር ግብግብ ገጥሜ ነው የከረምኩት።

መኪናዋ የ1994 (በፈረንጆቹ) ሌክሰስ ኤልኤስ 400 ናት። የገዛኋት እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሚኖሩ አንድ ጋሼ ነው። ዓይናቸው ደከም ሲል ልጆቻቸው «ከእንግዲህ መንዳት ይብቃዎት» አሏቸው። ባዳ እጅ ከምትገባ ብለው በወዳጅ ዋጋ ለኔ ሰጡኝ። ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እስካሁን እሁድ እሁድ ይደውላሉ። «ልጄ፣ መኪናዬ እንዴት ናት?» ይላሉ። ሸጠውልኛል እኮ! «ደህና ናት ጋሼ» እላለሁ። ክረምቱን ሙሉ ዋሽቻቸዋለሁ።

ለማታውቋት፦ ቶዮታ በ1983 ከጀርመኖቹ ጋር የሚፎካከር መኪና ልሥራ ብሎ ተነሣ። በ1989 ይቺን በሌክሰስ ስም አወጣ። ባለ 8 ሲሊንደር፣ 4 ሊትር፣ 250 የፈረስ ጉልበት። ያኔ በወጣው ማስታወቂያ ኮፋኖዋ ላይ የሻምፓኝ ብርጭቆ እንደ ፒራሚድ ደርድረው፣ ሞተሩን አስነሥተው ጎማው በፍጥነት ሲሽከረከር አንድም ብርጭቆ አይወድቅም። እኔ ጃንዋሪ ላይ ብደረድር ኖሮ አንዱም አይተርፍም ነበር። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

የሞተር ዘይት፣ ሻማ፣ የፍሬን ሸራ፣ እነዚህን በሁለት ቅዳሜ ጨረስኩ። የሚወራ ነገር የለውም። የምሠራው አክስቴ ቤት ደጃፍ ነው፤ የኔ አፓርታማ መኪና ማቆሚያው ላይ ጥገና አይፈቅድም። አክስቴ ትፈቅዳለች፣ ግን ሲሚንቶው ላይ ጠብታ ካየች ቡና የለም።

ጣጣው የጀመረው በባትሪ መብራት ነው። ዳሽቦርዱ ላይ በራ። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፣ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ሞቷል ብለው ቀየሩልኝ። ሁለት ወር ሳይሞላ አዲሱም ሞተ። ለምን ብሎ ቀና ብሎ ያየ ሰው የለም። በዚህ ሞተር ላይ የመሪውን ዘይት የሚገፋው ፓምፕ ያለው በሾፌሩ በኩል፣ ልክ ከዲናሞው በላይ ነው። ፓምፑ ሲያፈስ ዘይቱ ቀጥ ብሎ ዲናሞው ላይ ይወርዳል። በእጅ ባትሪ ጀርባውን ሳየው ቀይ ዘይት ጠጥቶ ጠግቧል። እና ምክር አንድ፦ ይህ መኪና ያላችሁ ሰዎች፣ ዲናሞ ከመግዛታችሁ በፊት ከላይ ያለውን ፓምፕ በጣታችሁ ዳሱት።

መጀመሪያ ያደረግኩትን ልንገራችሁ፣ አትሳቁ። ማፍሰስ ያቆማል የተባለ መድኃኒት በጠርሙስ ገዝቼ ጨመርኩ። ሥራው ያረጀውን የማሸጊያ ጎማ ማሳበጥ ነው። ለሁለት ሳምንት ቆመ፣ ከዚያ ብሶበት መጣ። ያ ነገር ለሚሸጥ መኪና እንጂ ለሚነዳ መኪና አይሆንም። ገዢውም ይረግማችኋል።

ቀጥሎ ከፓምፑ ወደ መሪው ጥርስ (የፊት ጎማዎቹን ወደሚያዞረው) የሚሄደውን የከፍተኛ ግፊት ቱቦ ቀየርኩ። ቱቦው ደርቆ ተሰነጣጥቆ ስለነበር ገንዘቤን አላጠፋሁም። ግን በሁለቱም ወገን የሚቀመጡትን የመዳብ ሮንዴላዎች (ማሸጊያ ቀለበቶች) «ደህና ናቸው» ብዬ አሮጌዎቹን መለስኳቸው። እነሱ አንዴ ከተጨፈለቁ አበቃ፣ ደግመው አይይዙም። በማግስቱ ላብ ላብ ይላል። ሁለት ዶላር ለመቆጠብ አንድ ሙሉ ቅዳሜ! ደግሞ አደራ፣ ይህን ቱቦ ቆርጣችሁ በፋሸታ (በቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) አትሰሩት። መሪ ጥግ ድረስ ሲዞር በውስጡ ያለው ግፊት ከ1000 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) በላይ ይሄዳል። ፋሸታ የሚችለው ነገር አይደለም። የሚረጨው ዘይት የጋለ ጭስ መውጫ ላይ ካረፈ ደግሞ ይቀጣጠላል።

ከዚያ ፓምፑ። የታደሰ ተብሎ የሚሸጥ ፓምፕ አለ፤ አልወደውም። የማን እጅ እንደነካው አይታወቅም። የጃፓኑን ኦሪጅናል ይዞ የውስጡን የማሸጊያ ጎማዎች ብቻ መቀየር ይሻላል ባይ ነኝ። ጎማዎቹ አንድ ላይ ታሽገው የሚሸጡበት ኪት ዋጋው ከጥሩ ክትፎ አይበልጥም። እዚህ ጋ ዕቃ መሸጫው ውስጥ ቆሜ «ፓራኦሊ» (ዘይት የሚያግደው የጎማ ቀለበት) ስለው ልጁ ፈዞ አየኝ። እኔ የመኪና ቋንቋ የተማርኩት አዲስ አበባ፣ አጎቴ ጋራዥ ነው። ቺንጋ (ቀበቶ)፣ ዳዶ፣ ቡሎን፣ ካቻቢቴ፣ ሮንዴላ፣ ሁሉም ጣሊያን ጥሎልን የሄደው ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ማን ይሰማኛል? ስልኬን አውጥቼ በሥዕል ተግባባን።

ፓምፑን ለምትፈቱ፦ ቺንጋው ሳይወጣ የፑሌጃውን (ቺንጋው የሚያዞረውን መዘውር) ዳዶ ፈታ አድርጉት። ቺንጋው ከወጣ በኋላ ፑሌጃው አብሯችሁ ይዞራል እንጂ አይፈታም። ዲናሞውን በላስቲክ ሸፍኑት። ውስጡ ምላጭ የሚመስሉ ትናንሽ ብረቶች አሉ፤ ክብ የሆነው ጫፋቸው ወደ ውጭ ነው የሚሆነው። እኔ ስፈታ ፎቶ አንስቼ ነበር፣ አዳነኝ። ያላዳነኝ ነገር አሮጌውን ፓራኦሊ በካቻቢቴ ፈልቅቄ ማውጣቴ ነው። ፓራኦሊው የሚቀመጥበትን ግድግዳ ጫርኩት። ፀጉር የምታህል ጭረት። «ምንም አይል» አልኩ። አለ። ከጃንክያርድ (ከአሮጌ መኪኖች መጣያ) ሌላ ፓምፕ አምጥቼ እንደገና ከሀ ጀመርኩ። እንግዲህ ፓምፕ ሁለት ጊዜ ፈትቻለሁ ማለት ነው፤ ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ያሳፍረኛል።

ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ሁሉም ደረቀ። ሞተሩን በፍሬን ማጠቢያ ስፕሬይ አጽድቼ፣ ከሥር ካርቶን ዘርግቼ አደርኩ። ካርቶኑ ንጹሕ። በማግስቱም ንጹሕ። አክስቴ ቡና አፈላች። ጋሼ ሲደውሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ «ደህና ናት» አልኳቸው።

በአሥረኛው ቀን መሪው ማቃሰት ጀመረ። መለኪያውን አየሁ፣ ዘይቱ በአንድ ጣት ወርዷል። ካርቶኑን አወጣሁ። ደረቅ ነው። ፓምፑን በእጄ ዳሰስኩት። ደረቅ ነው። ቱቦው፣ ጥርሱ፣ ሁሉም ደረቅ። ሞላሁ። በሳምንቱ ደግሞ ወረደ። ዘይት አይተንም፣ መሬት ላይ አልፈሰሰ፣ ታዲያ የት ገባ? እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አንድ ሰው ሌሊት እየመጣ የሚቀዳው መስሎኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ሌላ ነገር መጣ። ጠዋት ሳስነሣት ከማርሚታው ነጭ ጭስ ይወጣል። ብርድ ነው አልኩ፤ ጃንዋሪ ነው፣ የሁሉም መኪና ይተነፍሳል። ግን የኔ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ፣ መብራት ላይ ቆሜ ስነሣ ትጨሳለች። ከኋላዬ ያለው መኪና ይጠፋል። ሚኒሞውም (ቆሜ ሳለሁ የሞተሩ ዙር) ይንቀጠቀጣል። ሻምፓኙን አስቡት እንግዲህ።

እዚህ ላይ ጓደኞቼ ሁሉ መካኒክ ሆኑ። አንዱ «የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው፣ ቀብር» አለኝ፤ የሞተሩን ጭንቅላት የሚያሽገውን ማለቱ ነው። ሌላው «ቫልቭ ነው»። ሦስተኛው «ሽጣትና ካምሪ ግዛ»። የራዲያተሩ ውኃ ሳይጎድል የምን ቴስታታ? የሞተር ዘይቱም አልጎደለም። የሚጎድለው የመሪው ዘይት ብቻ ነው። ሁለቱን ነገር፣ የሚጎድለውን ዘይትና የሚወጣውን ጭስ፣ ለአንድ ወር ያህል ጎን ለጎን ይዤ አላገናኘኋቸውም። የመሪ ዘይት ከጭስ ጋር ምን አገናኘው? መሪ መሪ ነው፣ ሞተር ሞተር ነው። እንደዚያ ነበር የማስበው።

ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። ሌላ ነገር ላጠብቅ እጄን ፓምፑ ጀርባ ስሰድድ ክርኔ አንዲት ቀጭን የቫኪዩም ቱቦ፣ ሞተሩ አየር የሚስብባትን፣ ነቀለ። ልመልሳት ስይዛት ጣቴ ላይ አንድ ጠብታ ወደቀ። ቀይ። አሸተትኩት፤ የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት። ለዚህ መኪና መሪ የሚሞላውም እሱው ነው። የቫኪዩም ቱቦ ውስጥ ደግሞ አየር እንጂ ዘይት ሊኖር አይገባም። ቱቦዋን በጣቴ ጨመቅ ጨመቅ እያደረግኩ ወደየት እንደምትሄድ ተከተልኩ። ወደ ሞተሩ አየር ማስገቢያ ነው የምትሄደው። እዚያው ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ ቁጭ አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቆማችሁ መሪ ስታዞሩ ፓምፑ ሞተሩን ይጫነዋል፣ ሚኒሞው ይወርዳል። ሞተሩ እንዳይጠፋ ጃፓኖቹ ፓምፑ ላይ አንዲት ትንሽ ቫልቭ ተክለዋል፣ ሁለት ቀጫጭን ቱቦ የሚገባባት። የዘይቱ ግፊት ከፍ ሲል ትከፈትና ትንሽ ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ ታሳልፋለች። ሚኒሞው ከፍ ይላል። ብልህ ሥራ ነው። ግን በቫልቯ ውስጥ ዘይቱን ከአየሩ የሚለየው ማሸጊያ ሲያረጅ ሞተሩ አየር መሳቡን ትቶ ዘይቱን መጠጣት ይጀምራል። እንደ ጭማቂ፣ በስትሮ። ከዚያ ያቃጥለዋል። ጭሱም እሱ፣ የጎደለውም እሱ። ካርቶኔ ለዘላለም ደረቅ ቢሆን አይገርምም።

አሁን አሳፋሪው። ይቺን ቫልቭ ሁለት ጊዜ በእጄ ይዣታለሁ። ፓምፑን በፈታሁ ቁጥር አውልቄ፣ አጥቤ፣ በጨርቅ ወልውዬ፣ መልሼ ገጠምኳት። የጎማ ኪቱ ውስጥ እሷ የለችም፤ ስለዚህ የምትቀየር ነገር መሆኗ አልታየኝም። ኪቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ከቀየርክ ጨርሰሃል ያለኝ ማን ነው? ማንም። እኔው ነኝ።

ምርመራው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሁለቱን ቱቦዎች ንቀሉ፣ ጫፋቸውን በነጭ ሶፍት ጥረጉ። ቀይ ከሆነ ቫልቯ ሞታለች። ይህን ሴፕቴምበር ላይ ባደርገው ኖሮ ቢያንስ ግማሹ ድካም ይቀርልኝ ነበር። አሁን ማንም ሰው የመሪ ዘይት ይጎድልብኛል ሲለኝ፣ ሰላም ሳልለው ሶፍት ነው የማቀብለው።

እስክትቀየር ድረስ ሁለቱን ቱቦዎች በትንንሽ ቡሎን ደፍኜ በፋሸታ አሰርኩ። ይህ ቱቦ የሚስበው አየር ስለሆነ ፋሸታ ይበቃዋል። መኪናዋ ትሄዳለች። መኪና ለማቆም መሪ ስታዞሩ ብቻ ሞተሩ ልቡ ቀጥ ሊል ምንም አይቀረውም። «ለአንድ ሳምንት ብቻ» ብዬ ነበር። እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ነዳኋት። የደፈንኩ ዕለት ደግሞ ጭሱ ወዲያው አልቆመም። አየር ማስገቢያው ውስጥ የተጠራቀመው ዘይት ተቃጥሎ እስኪያልቅ ሁለት ሳምንት ያህል ጨሰች። በመሃል ተስፋ ቆርጬ የካምሪ ዋጋ አይቻለሁ። ይህን ለጋሼ እንዳትነግሩብኝ።

አዲሷን ቫልቭ ስገጥም ከሁሉ የረዳኝ ዕቃ አንድ ነው፤ አሜሪካኖች በታንክስጊቪንግ በዓል ተርኪ የሚባለው ትልቅ ዶሮ ላይ መረቅ የሚረጩበት ትልቁ የፕላስቲክ መምጠጫ። የአክስቴ ነበር፣ አሁን የኔ ነው። በእሱ አሮጌውን ዘይት ከማጠራቀሚያው ትመጥጣላችሁ፣ አዲስ ትሞላላችሁ፣ ትንሽ ትነዳላችሁ፣ እንደገና ትመጥጣላችሁ። ሦስት አራት ጊዜ ነው። ጥቁሩ ቀይ እስኪሆን። ቱቦ ፈታ፣ ባልዲ አምጣ፣ ሲሚንቶ አበላሽ የለም። አየር ለማስወጣት ደግሞ የፊት ጎማዎቹን አንሡ፤ በክሪክ ብቻ ሳይሆን በማቆሚያ አስደግፉ። ሞተሩን ሳታስነሡ መሪውን ቀስ ብላችሁ ከጥግ እስከ ጥግ ሃያ ጊዜ አዙሩ። ዘይቱ ላይ አረፋ ካለ ገና ነው። ብዙ ሰው ቸኩሎ ያስነሣና ፓምፑ ሲጮህ ተበላሸ ብሎ ሌላ ይገዛል። አየር ነው የሚጮኸው።

ዘይቱ ዴክስሮን የሚባለው የካምቢዮ ዘይት ነው፣ መክደኛው ላይ ተጽፏል። ለሁሉም መኪና ይሆናል የሚለውን ጠርሙስ አልገዛም። ለሁሉም የሚሆን ነገር ካየሁ እጠረጥራለሁ።

ባለፈው እሁድ ጋሼ ሲደውሉ እውነቱን ነገርኳቸው፤ ስለ ጭሱም፣ ስለ ቫልቯም፣ ስለ ሁለቱም ዲናሞ። ትንሽ ዝም አሉ።

«ኧረ እኔም ጋ እያለች ትጨስ ነበር» አሉ። «ብርድ ነው ብዬ እኮ ነው ልጄ።»

አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው። በቀኝ በኩል፣ የመሪው ጥርስ ጫፍ ላይ ያለችውን እንደ አኮርዲዮን የታጠፈች ጎማ ባለፈው ስጨብጣት ውስጧ ትንሽ የረጠበ መሰለኝ። መለኪያው አልወረደም። ስለዚህ ለጊዜው እንዳላየ ሆኜ ትቻታለሁ። ይህን ጥርስ ቤት ውስጥ ያወረደ ሰው ካለ፣ ስንት ቅዳሜ እንደፈጀበት ይንገረኝ።